የቪትዟ ሽፋሽፍት

«እህት፣ ይቺ መኪና ጠቀሰችኝ ልበል?»

ኢሕሳን ከመኪናዋ ሳትወርድ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ሳምንት ይህን ቀልድ ስንቴ እንደሰማችው መቁጠር ትታለች። ትራፊኩ ብሏታል፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ብለዋታል፣ ደራ ከተማ ያለው መድኃኒት ቤት ዘበኛ እንኳ በዚያ ዕድሜው ብሏታል! አሁን ደግሞ ነገሩን እንዲያስወግድላት የመጣችበት የዲኮር ቤት ባለቤት ራሱ።

ምን ይደረግ፣ እውነት ነው። ቪትዟን የሸጠችላት ሴት ጌጥ ወዳድ ነበረች፤ በሁለቱ የፊት መብራቶች ላይ ጥቁር፣ ረጃጅም፣ ወደ ላይ ቀና ያሉ የፕላስቲክ ሽፋሽፍቶች አስለጥፋባት ነበር። የግራው ሞጆ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወድቆ ቀረ። የቀኙ ብቻውን ሲቀር፣ ነጯ ቪትዝ አዳማን በዞረች ቁጥር ያያትን ወንድ ሁሉ የምትጠቅስ መሰለች።

«አንሳልኝ» አለችው ወርዳ። «አሁኑኑ!»

ልጁ ዛኪር ይባላል። ፍራንኮ አካባቢ ጠባብ የመኪና ዲኮር ቤት አለችው፤ የመቀመጫ ልብስ ይሰፋል፣ መስታወት ያጠቁራል፣ የሚለጠፈውን ይለጥፋል። ጎንበስ ብሎ ሽፋሽፍቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«የለጠፈው ሰው ጨክኖ ነው የለጠፈው። በግድ ካነሳሁት መብራቱን ይልጠዋል» አለ። «እኔ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ።»

«ምን?»

«ጓደኛውን ልለጥፍለት። በነጻ። አንድ ሳምንት ዙሪበት። ካልወደድሽው አርብ ነይ፣ ሁለቱንም በሥርዓቱ አነሳልሻለሁ።»

«እኔ መድኃኒት አከፋፋይ ነኝ፣ ሙሽራ አይደለሁም!»

«ሙሽራ ነሽ መች አልኩ?» አለና ፈገግ አለ። «ገና ነሽ።»

ዓይን አውጣ! አለች በሆዷ። ሳቋ ግን አመለጣት። ሲያመልጣት ደግሞ አየው፣ እሷም እንዳየ አየች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የተረፈ ነገር የለም።

በመጀመሪያው አርብ መጣች። «አንሳው» አለች። «ዛሬ ሙቀቱ አይመችም፣ ቀዝቀዝ ባለ ቀን ይሻላል» አላት፤ አዳማ ቀዝቀዝ የምትልበትን ቀን ማን ይጠብቃል! በሁለተኛው አርብ እሷው ራሷ «እስቲ አንድ ሳምንት ልየው» አለች። በሦስተኛው፣ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለስ ድረስ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ስለ ሽፋሽፍት ያነሳ ሰው አልነበረም። እናቷ ብቻ መኪናዋ ግቢ በገባች ቁጥር «መኪና ኩል ተኩላ አየሁ እኮ!» ትላለች።

በአሥራ አንደኛው አርብ ዛኪር መርፌውን አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ኢሕሳን፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

ደስታ ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት። አፏን ከፍታ «እሺ» ልትል ስትል ግን ቀጠለ።

«ማን ዘንድ ይምጡ? ወሊሽ ማን ነው?»

በእስልምናችን ሴት ልጅን የሚድራት ወሊዋ ነው፣ ወሊ ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት አባት ነው። የኢሕሳንን አባት በተመለከተ የአዳማ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ በድሪያ ገበያ ላይ ጨርቅ እየነገደች ልጇን ብቻዋን ማሳደጓ።

«አስቤ እነግርሃለሁ» አለችና ቁልፏን አንስታ ወጣች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቷ መሐመድሰዒድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኢሕሳን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ መንገድ ላይ ሌላ ሴት ወዶ በዚያው ቀረ። ወይዘሮ በድሪያ አላለቀሰችም። ልጇን አቁማ «እሱን ፈልገሽ የሄድሽ ቀን እናት የለሽም። ማይልኝ!» አለቻት። ልጅት ማለች።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ከሁለት ዓመት በፊት ኢሕሳን ለሥራ ቆቃ ወርዳ፣ መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ደረሰኝ ስትጽፍ አንድ ከሲታ ሰውዬ የስኳር መድኃኒት ሊገዛ ገባ። ባለ መድኃኒት ቤቱ «ኢሕሳን፣ ይሄ ኪኒን አልቋል እንዴ?» ብሎ ሲጠራት ሰውዬው ዞር ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «የበድሪያ ልጅ?» አለ።

ልትጠላው ሞክራ ነበር። ወላሂ ሞክራ ነበር! ግን ሴትየዋ ሞታበታለች፣ እግሩ ቆስሏል፣ የአሣ አጥማጆቹን መረብ እየጠበቀ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። አንጀቷ እምቢ አላት። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር መድኃኒቱን ይዛ ትሄዳለች፣ ቁስሉን ታጥባለች፣ ከሐይቁ በኩል በሚመጣው ነፋስ በር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ለማንም አልተናገረችም። ደግሞስ ማን ያውቃታል? ነጭ ቪትዝ እንደሆነች በየመንገዱ ሞልታለች።

ባለ ሽፋሽፍት ነጭ ቪትዝን ግን ማን ይረሳታል?

* * *

የዛኪር አጎት ኑሬ በአዳማና በመቂ መካከል የሚመላለሱ ሦስት አባዱላ ሚኒባሶች አሏቸው። እንደ ወጉ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጅቷን ማጣራት የእሳቸው ድርሻ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎረቤት ይጠይቃል፣ መስጊድ ይጠይቃል። ኑሬ ግን ሹፌሮቻቸውን ጠየቁ።

ዛኪር በቀጣዩ አርብ ሲቀበላት አልሳቀም። በርጩማ አቀረበላት፣ ራሱ ግን አልተቀመጠም።

«አጎቴ አጣራሁ አለ።»

«ምን አገኙ?»

«ሹፌሮቹ እናትሽን አመሰገኗት። ሥራሽን አመሰገኑ። ግን...» ጨርቁን አንስቶ መልሶ ጣለው። «ሹፌሮቹ አንቺን በመልክ አያውቁሽም። ያቺን ባለ ሽፋሽፍቷን ግን ረቡዕ ረቡዕ ቆቃ ላይ እናያታለን አሉ። ከአሣ አጥማጆቹ ሰፈር፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ደጃፍ። ከሰዓቱን ሙሉ።»

ኢሕሳን ከበርጩማው ተነሳች።

«ስሚኝ» አለ ዛኪር ፈጠን ብሎ። «ካንቺ በኋላ አራት ሴቶች እንደሷ አድርግልን ብለው መጥተው ለጥፌላቸዋለሁ። ሁለቱ ነጭ ቪትዝ ነው ያላቸው። ሌላ መኪና ናት በይኝ። አንድ ቃል ብቻ! ከአጎቴ ጋር ያለውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ይኸውላችሁ፣ ውሸቱ ተዘጋጅቶ፣ ተልጦ፣ ተጠቅልሎ ነው የቀረበላት። መዋጥ ብቻ ነበር የቀራት። ዓይኑን አየችው። ይህን ዓይን ዋሽታ ልታገባው ነው?

«እኔ ነኝ ዛኪር።»

ትንፋሹ ሲወጣ ተሰማት።

«ሰውዬው ማን ነው?»

«ልነግርህ አልችልም። የማልኩት ነገር አለ። ግን መጥፎ ነገር አይደለም፣ እመነኝ።»

ዛኪር ወደ መደርደሪያው ሄዶ ማጣበቂያ የሚያለሰልስበትን የሙቅ አየር ማሽን አወረደ።

«እሺ። አምኜሻለሁ። እንግዲያው እናንሳው።»

«ምኑን?»

«ሽፋሽፍቱን። እሱ ከሌለ ከሌላ ቪትዝ አትለይም፣ ሹፌሮቹም አይለዩሽም። ሽማግሌው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ...»

በጥፊ የተመታች መሰላት።

«ልትደብቀኝ ነው?»

«ልሸፍንሽ ነው!»

«የሚሸፈን ምን ሠራሁ?»

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ!»

ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛኪር ወዲያው እጁን ወደ አፉ ሰደደ፣ ግን ማን ይመልሰው?

«መኪናዬን አትንካት» አለች ኢሕሳን። ቁልፏን አነሳች። «ከዛሬ ጀምሮ አትንካት!»

በሩን ዘግታ ስትነዳ መሪውን በሁለት እጇ እንቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ለቅሶዋ የመጣው ቤቷ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቀናት ቀን አይባሉም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ስልኳን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ደራ ሄዳ፣ ተሳስታ የመቂውን ትእዛዝ አውርዳ ተመለሰች። ሻዩን ጨው አደረገችበት። ዛኪር ሰባት ጊዜ ደወለ፣ ሰባቱንም ጊዜ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ስሙን እያየች ቆመች። አንዴ ትናደድበታለች፤ «እንዴት ልደብቅሽ ይለኛል!» ትላለች። አንዴ ደግሞ በራሷ ትናደዳለች። ምን በደለ? ሳያውቅ አምኗታል። የሚደበቅ ነገር ያመጣችው እሷው አይደለችም እንዴ?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐሳቧን ቆረጠች። ይነሳ! ሽፋሽፍቱ ከተነሳ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ኑሬ ዝም ይላሉ። እናቷ አትሰማም። አባቷ መድኃኒቱን ያገኛል። ዛኪርን ታገባለች። ለወሊውም ቢሆን ከወሎ የአባቷን ወንድም ፈልጎ ማስመጣት ይቻላል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ብዙ አይጠየቅም።

የፀጉር ማድረቂያዋን ከቤት አውጥታ፣ ገመድ በመስኮት ስባ፣ ኮፈኑ ፊት ተንበረከከች። ሞቅ ያለው አየር ማጣበቂያውን አለሰለሰው። በጥፍሯ ከጥጉ ያዘችና ሳብ አደረገችው። ለቀቅ አለ። ትንሽ ቀረው።

ያን ጊዜ አሰበች። ይህን ነቅላ ነገ ቆቃ ስትሄድ፣ ከአሁን በኋላ ያለችው ኢሕሳን ማን ናት? እስከዛሬ አባቷን የምትጠይቅ ልጅ ነበረች፤ አልተናገረችም እንጂ አልተደበቀችም። ነገ ግን ተደብቃ የምትሄድ ሴት ትሆናለች። ባሏም ሲደብቃት ይኖራል። ሲጣሉ ደግሞ «እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ይላታል። ዕድሜ ልኳን!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ወይዘሮ በድሪያ ከገበያ ተመልሳ የግቢው በር ላይ ቆማለች።

«ሽፋሽፍቱን ላነሳው ነበር።»

«እንዴ! ለምን? ሰው ምን አለሽ?»

ኢሕሳን ማድረቂያውን አጠፋች። ግቢው ፀጥ አለ።

«እማ... ረቡዕ ረቡዕ ቆቃ የምሄደው አባ ጋ ነው።»

ወይዘሮ በድሪያ አልጮኸችም። የያዘችውን ፌስታል ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፣ ከዚያ ራሷም ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት!» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ቆየችና፦ «ሴትዮዋስ?»

«ሞታለች። ብቻውን ነው። ስኳር ይዞታል፣ እግሩ ቆስሏል። እማ፣ ማልኩልሽ፣ አውቃለሁ። አልፈለግሁትም፤ ድንገት አገኘሁት። ካገኘሁት በኋላ ግን ትቼው መሄድ አቃተኝ። ገና ልጅ ሳለሁ ነው ያስማልሽኝ... እኔ አንቺንም እሱንም ነው የምወደው። ምን ላድርግ?»

እናት ተነስታ ወደ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። እራት አልበላችም፣ አልተናገረችም። ኢሕሳን ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ እናት የለሽም ያለችው ቀን ይኸው መጣ ብላ።

ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ወይዘሮ በድሪያን በረንዳው ላይ ቆማ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይቅር አላልኩትም። እንዳይመስልሽ! ግን እኔ ሌባ አላሳደግኩም። ወደ አባትሽ ስትሄጂ ሰው እያየሽ ሂጂ።» ወደ መኪናዋ በአገጯ ጠቆመች። «ያንንም ነገር መልሰሽ ለጥፊው። ተንጠልጥሎ ያስጠላል።»

ኢሕሳን እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «በይ ተይኝ፣ ታንቂኛለሽ!» አለች እናት፤ እጇ ግን የልጇን ጀርባ ያሻሻል።

* * *

ዛኪር ቪትዟ ሱቁ ፊት ስትቆም ሲሮጥ ወጣ። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ኢሕሳን፣ ያን ቃል እኔ...»

«መጀመሪያ ይቺን ለጥፍልኝ» አለችው፣ የተንጠለጠለውን ጥግ እያሳየችው።

አያት። ምንም አልጠየቀም። ማጣበቂያ አምጥቶ ለጠፈው፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆየ።

«አሁን ግባ።»

«የት ልንሄድ ነው?»

«ቆቃ። የማን ደጃፍ እንደምቆም ታያለህ።»

«ማየት የለብኝም። አምኜሻለሁ ብዬሻለሁ።»

«አንተ ማየት ባይኖርብህ፣ እኔ መታየት አለብኝ። ግባ አልኩህ!»

ገባ። መንገድ ላይ ከኑሬ አባዱላዎች አንዱ አልፏቸው ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ዛኪር መስኮቱን አውርዶ «አካም ጅርታ!» ብሎ እጁን አወዛወዘ። ሹፌሩ ደንግጦ መንገዱን ሊስት ምንም አልቀረው። ኢሕሳን ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«አራት ቀን እንዴት አድርጎኝ እንደዋለ ብታውቂ» አለ ዛኪር ዝግ ብሎ። «አንድ የሰው መቀመጫ ልብስ ገልብጬ ሰፍቻለሁ።»

«እኔም ሻዬን ጨው አድርጌበታለሁ።»

መሐመድሰዒድ የመኪናዋን ድምፅ ሰምቶ በዱላ ተደግፎ ወጣ። ከልጁ ጎን ወንድ ሲያይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ታገለ።

«አባ፣ ይሄ ዛኪር ነው» አለች ኢሕሳን። ወደ ዛኪር ዞረች። «ዛኪር፣ ይሄ አባቴ ነው።»

ዛኪር ባለበት ደረቀ። አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ እሷን አየ። ያው አፍንጫ፣ ያው ግንባር። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ጎንበስ አለና የሽማግሌውን እጅ ሳመ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አርገህ ነው ልጄ?»

«ደጃፍዎ የምትቆመውን መኪና ጠረጠርኩ።»

ሽማግሌው ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። ዱላው ላይ አጎንብሶ «የኔ ጥፋት ስንቱን ሰው ይዞራል!» አለ። ኢሕሳን ክንዱን ይዛ አስገባችው፣ ቁስሉንም እንደ ሁልጊዜው አጠበች፤ ዛኪር ውሃውን ያዘላት።

ኑሬ ጉዳዩን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን አሻሹ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ» አሉ። «አባቷን የማትጥል ልጅ ባሏን ትጥላለች? ተነሱ፣ ሽማግሌ ይሰብሰብ።» ቆቃ ድረስ ሊወርዱ ነበር። ወይዘሮ በድሪያ ግን በልጇ በኩል መልእክት ላከች፤ «ልጄ የምትጠየቀው ባደገችበት ቤት ነው። እሱ ይምጣ።»

እሑድ ጠዋት መጣ። ኢሕሳን ራሷ ናት ሄዳ ያመጣችው። ንጹሕ ጀለብያ ለብሶ፣ ከቆቃ እስከ አዳማ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሳሎኑ ውስጥ ከአምስት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፤ ወይዘሮ በድሪያ፣ ኢሕሳን፣ የጎረቤት እናቶች። ዛኪር እንደ ወጉ አልገባም፤ ውጭ አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል።

ኑሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድማችን መሐመድሰዒድ፣ ልጅዎን ኢሕሳንን ለልጃችን ለዛኪር ይስጡን ብለን መጥተናል።»

ኢሕሳን በመጋረጃው ቀዳዳ አባቷን አየችው። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«እኔ...» አለ። «ሸሪዓው ወሊ አድርጎኛል። አላህ ግን ያውቃል፣ ይህቺን ልጅ አላሳደግኩም። ያለበስኳት የለም፣ ያበላኋት የለም። ያሳደገቻት ከመጋረጃው ጀርባ አለች። እሷ ሳትፈቅድ ሰጠሁ ብዬ አፌን መክፈት አይቻለኝም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ጀመረውና አፈነው። ኢሕሳን የእናቷን እጅ ያዘች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው አንድ ቃል ያልሰጠች ሴት ናት። እምቢ ብትል ማን ይፈርድባታል? ደቂቃው አልሄድ አለ።

«ስጥ!» አለች ወይዘሮ በድሪያ።

ሌላ ነገር አልጨመረችም። ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ፣ ሁሉም ሰማው።

«ሰጥቻለሁ» አለ መሐመድሰዒድ እያለቀሰ። «ልጄን ኢሕሳንን ለዛኪር ሰጥቻለሁ።»

የምርቃቱ ፋቲሐ ሲቀራ ኢሕሳን መቆየት አልቻለችም። የጎረቤት ሴቶች «ኧረ ነውር ነው፣ ተቀመጪ!» እያሏት በጓሮ በር ወጥታ፣ ግቢውን ዞራ፣ አስፋልቱ ዳር ደረሰች። ዛኪር ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አሉ? ኢሕሳን፣ ምን አሉ?»

ባጃጆች ያልፋሉ። የሰፈሩ ባለሱቅ ከባንኮኒው ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ኢሕሳን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«አባቴ ሰጠኝ!» አለችው፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።